በርበሬን፣ ቡናን እና ጓያን ያዛመደው ፕሮቲን

(ለሳይንስ መምህራንና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ጉዳይ ያለበት ሰዓት ነው። ገበያው አለ፣ ለቅሶው አለ፣ የዘመድ ጥየቃው አለ። ያንን ሁሉ ትታችሁ ስለ ፕሮቲን ለመስማት እዚህ አዳራሽ በመገኘታችሁ ከልቤ አመሰግናችኋለሁ። አዘጋጆቹንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የንግግሬ ርእስ በር ላይ ተለጥፎ አይታችሁታል። በርበሬ፣ ቡና እና ጓያ ምን አገናኛቸው? አንዱ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ በስኒ ይቀርባል፣ አንዱ ደግሞ ዝናብ በጠፋበት ዓመት የደሃ ገበሬ የመጨረሻ መጠጊያ ነው። መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ማስረጃውን ግን ቀስ ብዬ አቀርባለሁ። በርበሬን የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር፣ በቡና ፍሬ ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ክሎሮጀኒክ አሲድ እና ሰውን ሽባ የሚያደርገውን የጓያ መርዝ የሚሠሩት ኢንዛይም የሚባሉ የአንድ ቤተሰብ ፕሮቲኖች ናቸው። አጠቃላይ ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነታቸው በውስጣቸው ባለች አንዲት ጠባብ ስፍራ ነው። የእኔ ሙያ ያቺን ጠባብ ስፍራ ማየት ነው።

ንግግሬን በሦስት ነጥቦች ከፍዬዋለሁ። አንደኛው፣ ፕሮቲን ቅርጹን ከየት ያገኛል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በዓይን የማይታየውን ይህን ቅርጽ የሰው ልጅ እንዴት ሊያየው ቻለ የሚል ነው። ሦስተኛው ስለ ጓያ ነው፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሕያዋን ፍጥረታት ለዚህ ሥራ በዋናነት የሚጠቀሙባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ዓይነት ናቸው። ሃያ ብቻ! ፀጉራችሁ፣ በደማችሁ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን፣ ምሳችሁን የሚፈጨው የጨጓራ ኢንዛይም፣ አሁን እኔን የምታዩበት የዓይን ፕሮቲን፣ ሁሉም በእነዚሁ በሃያዎቹ አደራደር የተገኙ ናቸው። ሰንሰለቱ ግን እንደተዘረጋ አይቀርም። ይጠማዘዛል፣ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው ክሪስቲያን አንፊንሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። አንድን ኢንዛይም ወስዶ በዩሪያና በሌላ ኬሚካል ቅርጹን ሙሉ በሙሉ ፈታው። ኢንዛይሙ ሥራውን አቆመ። ከዚያ ኬሚካሎቹን ቀስ አድርጎ አስወገዳቸው። ምን የሆነ ይመስላችኋል? ሰንሰለቱ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ታጠፈ፤ ሥራውንም ቀጠለ። ቅርጹ የተጻፈው በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ነበር ማለት ነው። አንፊንሰን ለዚህ ሥራው በ1972 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሁሉም ፕሮቲን ግን እንዲህ አይመለስም። የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝም ተመልሶ ጥሬ አይሆንም፤ በሙቀት የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ቀርተዋልና።

ቅደም ተከተሉ ላይ አንዲት ለውጥ ብትገባስ? የማጭድ ሴል በሽታን አስቡ። የሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች አሉት። በሽታው የሚመጣው 6ኛው ላይ ያለው አንዱ በሌላ ስለተተካ ነው። ከ146 አንዱ! በዚያ ምክንያት ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ሲያጣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ የደም ሴሉን ያጣምመዋል፣ ሕፃኑን በሕመም ያስለቅሰዋል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «የፕሮቲን ቅርጽ ማጥናት ለማን ይበጃል?» ሲለኝ የምጠቅሰው ያንን ሕፃን ነው።

ኢንዛይም ማለት እንግዲህ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ምን ያህል እንደሚያፋጥን ብዙ ሰው አይገምትም። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነውን ዩሪያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዩሪያ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ብቻውን ቢተው ለመፍረስ ዓመታት ይፈጅበታል። አፈር ውስጥ ግን ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ተህዋስያን የሚያመነጩት ነው። አንዱ የዩሪኤዝ ሞለኪውል በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የዩሪያ ሞለኪውሎችን ወደ አሞንያ ይለውጣል። ዩሪያ ላዩን ተበትኖ አፈር ሳይለብስ ሲቀር አፍንጫን የሚወጋው ሽታ ይኸው አሞንያ ነው። ማዳበሪያው ወደ ሰማይ እየሄደ ነው፤ የገበሬው ገንዘብም አብሮ።

ይኸው ዩሪኤዝ ጨጓራችን ውስጥም አለ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በዚያ ሁሉ አሲድ መካከል የሚኖረው በዩሪኤዝ አማካይነት ዙሪያውን በአሞንያ ስለሚያለዝበው ነው። ይህን ባክቴሪያ ከጨጓራ ቁስለት ጋር ያገናኙት ባሪ ማርሻል እና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ናቸው፤ በ2005 ለኖቤል በቅተዋል። ማርሻል የሚያምነው ሲያጣ ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶት ታመመ። በትንፋሽ የሚደረገው የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራም በዚሁ ኢንዛይም ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ታማሚው ምልክት ያለበት ዩሪያ ይጠጣል፣ ባክቴሪያው ካለ ምልክቱ በትንፋሹ ይወጣል።

ዩሪኤዝን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። ወደ ሁለተኛው ነጥቤ የሚያሻግረኝ እሱ ነው።

የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ኢንዛይም ምን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ሥራው ይታያል፣ እሱ ግን አይታይም። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ጀርመናዊው የኖቤል ተሸላሚ ሪካርድ ቪልሽቴተር ኢንዛይም ፕሮቲን አይደለም ብሎ ያስተምር ነበር። በዚያው ዘመን በአሜሪካ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ጄምስ ሰምነር የተባለ መምህር ነበር። ሰምነር በ17 ዓመቱ በአደን ላይ በደረሰ አደጋ ግራ እጁን አጥቷል፤ ያውም ግራኝ ነበር። አንድ እጅ ያለው ሰው በኬሚስትሪ አይሳካለትም፣ ሕግ ብትማር ይሻልሃል ተብሎ ነበር። እሱ ግን ኬሚስትሪውን መረጠ። ከኬሚስትሪም ከባዱን መረጠ፤ ጃክ ቢን ከሚባል ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ውስጥ ዩሪኤዝን አጥርቶ ማውጣት።

ዘጠኝ ዓመት ሠራ። ቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ አልነበረውም። የጥራጥሬውን ጭማቂ በመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጥና ሌሊቱ እንዲቀዘቅዝለት ይጸልይ ነበር፤ ይህን የተናገረው ኖቤሉን ሲቀበል ራሱ ነው። ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉልኝ! ቤተ ሙከራችሁ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ኬሚካሉ ጉምሩክ ሲዘገይ ሰምነርን አስቡት። በ1926 ጭማቂውን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጥቃቅን ክሪስታሎችን አገኘ። ክሪስታሎቹን ሲያሟሟቸው ዩሪያን በኃይል ያፈርሱ ነበር፤ ሲመረምራቸው ደግሞ ፕሮቲን ነበሩ። ታላላቆቹ ሊቃውንት ለብዙ ዓመት አላመኑትም። ጆን ኖርዝሮፕ በ1930 የጨጓራውን ኢንዛይም ፔፕሲንን ክሪስታል ሲያደርግ ነው ክርክሩ መርገብ የጀመረው። ሰምነር በ1946 ተሸለመ።

ክሪስታል ማግኘት ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ሐኪም ቤት ራጅ ተነሥታችሁ ታውቃላችሁ። በብርሃን አተምን ማየት አይቻልም፤ የምናየው ብርሃን ሞገድ ከአተም በሺህ እጥፍ ይረዝማል። የራጅ ጨረር ሞገድ ግን የአተሞችን ርቀት ያህላል፣ አንድ ሚሊሜትር ለአሥር ሚሊዮን ተካፍሎ እንደሚገኘው ያለ ነው። ይሁንና አንዲት ሞለኪውል ብቻዋን ጨረሩን የምትበትነው እጅግ በጥቂቱ ነው። ክሪስታል ውስጥ ግን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች በአንድ ዓይነት አኳኋን ተሰልፈው ስለሚቆሙ፣ የበተኑት ጨረር ተደማምሮ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ከነጠብጣቦቹ ቦታና ድምቀት ተነሥተን በሒሳብ የአተሞቹን ቦታ እናሰላለን።

ሲነገር ቀላል ነው። ማክስ ፐሩትዝ የተባለ ተመራማሪ ሄሞግሎቢን ላይ ሥራ የጀመረው በ1937 ነው፤ መልኩን ያየው በ1959። ዶሮቲ ሆጅኪን የተባለች እንግሊዛዊት ኬሚስት የኢንሱሊንን የመጀመሪያ የራጅ ምስል ያነሣችው በ1935 ነው፤ ቅርጹን ያወጣችው በ1969። ሠላሳ አራት ዓመት! በመካከሉ የፔኒሲሊንንና የቫይታሚን ቢ12ን አወቃቀር አውጥታ በ1964 ኖቤል ተሸለመች። እጆቿ ደግሞ ከወጣትነቷ ጀምሮ በመገጣጠሚያ በሽታ የተያዙ ነበሩ። እዚህ ላይ የተቀመጣችሁ እህቶቼ፣ ስለ ሆጅኪን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የተወለደችው ካይሮ ነው። አባቷ ሱዳን ውስጥ በትምህርት ሥራ ላይ ስለነበር ልጅ ሆና ካርቱም ሄዳ ከግቢው ጅረት ያገኘችውን ማዕድን መርምራለች፤ በዚህ የረዳት እዚያ ይሠራ የነበረ የአፈር ኬሚስት ነው። የአባይ ውኃ ዳር ነው ኬሚስትሪ ያደገባት።

ከኢንዛይሞች ሁሉ ቅርጹ መጀመሪያ የታወቀው በእንባችንና በምራቃችን ውስጥ ያለው ላይሶዛይም ነው፣ በ1965 ለንደን ላይ። ኤሚል ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1894 ኢንዛይምና የሚሠራበት ነገር እንደ ቁልፍና መቆለፊያ ይገጣጠማሉ ብሎ ነበር። ዳንኤል ኮሽላንድ በ1958 ይህን አሻሻለው፤ መቆለፊያው ራሱ ቁልፉ ሲገባ ይንቀሳቀሳል አለ። ዛሬ ይህን በዓይናችን እናየዋለን። ዩሪኤዝን ብትወስዱ፣ ዩሪያ የሚገባበት ስፍራ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አለ፤ ውስጡ ደግሞ ሁለት የኒኬል አተሞች ተቀምጠዋል።

የሰምነር ጥራጥሬ ዩሪኤዝስ መልኩ መቼ ታየ? በ2010! ክሪስታሉ ከተገኘ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ። ማን አየው? ሕንድ አገር፣ ቼናይ ከተማ፣ ማድራስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች። እኔ ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የመጀመሪያው የኢንዛይም ክሪስታል ታሪክ የተጠናቀቀው በእኛው ደረጃ ካለ አገር ነው።

እኔም በውጭ አገር ስማር ክሪስታል ማሳደግን ነው አስቀድሜ የለመድሁት። የፕሮቲን ጠብታ ጨው ከሟሟበት ውኃ በላይ ይንጠለጠላል፤ ውኃው ቀስ በቀስ እየተነነ ፕሮቲኑ ይጠጥራል። ብዙ ጊዜ ጠብታው ይደፈርሳል፣ አለዚያም ምንም አይሆንም። አንዳንዴ የሚያምር ክሪስታል ታዩና ጨረር ስታበሩበት ተራ ጨው ሆኖ ይገኛል። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ሌሊት የእውነተኛ ፕሮቲን ነጠብጣቦች ስክሪኑ ላይ ሲወጡ አለቀስሁ። ማልጄ ለእናቴ ደወልሁላት። «ልጄ፣ እንቅልፍ አጥተሽ የምታዪው ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። «ተክል መርዙን የሚሠራበትን ነገር ነው እማዬ» አልኋት። ትንሽ ዝም ብላ «የጓያውንም?» አለች። በዚያን ጊዜ ሥራዬ በሌላ ተክል ኢንዛይም ላይ ነበር። ጥያቄዋ ግን ከውስጤ አልወጣም።

ሦስተኛው ነጥቤ እንግዲህ ይኼ ነው።

ያደግሁት ከጣና በስተሰሜን፣ በደምቢያ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጤፉ ሲበላሽ ጓያው ይቆማል። ውኃ ቢተኛበትም ይችላል፣ ድርቅ ቢመጣም ይችላል፣ ተባይም እምብዛም አይደፍረውም። ፍሬው ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው። ሽሮ ይሆናል፣ ቂጣ ይሆናል፣ ቆሎ ይሆናል፣ ንፍሮ ይሆናል። የጎረቤታችን ልጅ በመንደሩ በጉልበቱ የታወቀ አራሽ ነበር። በአንድ የችግር ዓመት ቤታቸው ከጓያ በቀር የሚበላ አልነበረም። ማታ በእግሩ ከማሳ ገብቶ ተኛ፤ ጠዋት እግሮቹ ግትር ብለው አልታዘዝ አሉት። ከዚያ ወዲህ በሁለት ምርኩዝ እየተጎተተ ኖረ። ሰዉ የጓያው እንፋሎት መታው ይል ነበር፤ ማሳው ውስጥ መራመዱ ነው የሚልም ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያው በጣና ዙሪያ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት፣ ድርቅን ተከትሎ በሽታው በብዙ ሰዎች ላይ ወረደ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት እና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው የበሽታውን ስፋት አሳይተዋል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን በደላንታ ባደረጉት ጥናት ጓያን ቆልቶ፣ ቀቅሎ ወይም በጥሬ እሸትነቱ መብላት ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ፣ ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ግን አደጋውን እንደሚቀንስ አገኙ። ጓያ ሰልፈር ባላቸው አሚኖ አሲዶች ደሃ ነው፤ ጤፍን የመሰሉ እህሎች ይህን ይደጉማሉ። እናቶቻችን ጓያውን ዘፍዝፈው፣ ቀቅለው ውኃውን የሚደፉትም ትክክል ነው፤ መርዙ በውኃ ይሟሟልና ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። የከፋው ነገር፣ በድርቅ ጊዜ ውኃውም ማገዶውም የሚቀላቀለው እህልም አብረው ይጠፋሉ።

መርዙ ምንድን ነው? ቤታ-ኦዳፕ ይባላል፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሕንድ ተመራማሪዎች የተለየ ነው። እሱ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው፤ ከሃያዎቹ ግን አይደለም። በአንጎላችንና በነርቮቻችን መልእክት የሚያስተላልፈውን ግሉታሜትን በቅርጽ ይመስለዋል። ስለሚመስለውም ግሉታሜት በሚቀመጥበት ተቀባይ ፕሮቲን ላይ ይቀመጣል፣ ነርቩን ያለማቋረጥ ያስጮኸዋል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል። አያችሁ? እዚህም ነገሩ የቅርጽ ነው። ያንን አራሽ ምርኩዝ ያስያዘው የሁለት ጥቃቅን ሞለኪውሎች መመሳሰል ነው።

አሁን ወደ ኢንዛይሙ። በ2022 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ቤታ-ኦዳፕን በመጨረሻው ደረጃ የሚሠራውን የጓያ ኢንዛይም ለይተው፣ ክሪስታል አድርገው፣ ቅርጹን አወጡ። ሥራውን ባነበብሁ ቀን እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ኢንዛይሙ እኔ ለዓመታት ከሠራሁበት ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ አባላት ሁሉ ሁለት ክፍል ያላቸው ሲሆኑ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚያልፍ መተላለፊያ አለ። ከአንዱ ጫፍ ኮኤንዛይም ኤ የተባለ ተሸካሚ ሞለኪውል ያመጣው ቡድን፣ ማለትም የተያያዙ አተሞች ስብስብ፣ ይገባል፤ ከሌላው ጫፍ ተቀባዩ ሞለኪውል ይገባል። መካከል ላይ ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ ይጠብቃቸዋል፤ ሁለቱን የሚያጋባቸው እሱ ነው።

በርበሬ ውስጥ የሚገባው የቅባት አሲድ ጅራት ነው፤ ተቀባዩ የቫኒላ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል ነው፤ ውጤቱ ካፕሳይሲን፣ የሚያቃጥለው። ይህ ኢንዛይም የተበላሸበት በርበሬ አያቃጥልም። ቡና ውስጥ ከቅጠልና ከግንድ ኬሚስትሪ የመጣ ቡድን ኪዊኒክ አሲድ ከሚባለው ጋር ይጋባል፤ ውጤቱ ክሎሮጀኒክ አሲድ ነው፣ ስንቆላው እየፈረሰ ለቡናው ምሬትና መዓዛ ድርሻ የሚያዋጣው። ጓያ ውስጥ የሚገባው ኦክሳሊል የምትባል በጣም ትንሽ ቡድን ናት፤ ውጤቱ ኦዳፕ ነው። መተላለፊያው ያው ነው፣ ሂስቲዲኑ ያው ነው። መተላለፊያውን የከበቡት ጥቂት አሚኖ አሲዶች ብቻ ሲቀያየሩ አንዱ ቅመም ይሆናል፣ አንዱ ቡና ይሆናል፣ አንዱ ሽባነት ይሆናል። እኔ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ። እናንተስ አትደነቁም?

ይህን ማወቃችን ለገበሬው ምን ያደርግለታል? ይህን ጥያቄ ማንም ተመራማሪ ሊሸሸው አይገባም። አገራችን ውስጥ ኦዳፑ ዝቅ ያለ «ዋሴ» የተባለ የጓያ ዝርያ በ2006 ወጥቷል፤ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ችግሩ፣ የኦዳፕ መጠን በዝርያው ብቻ አይወሰንም። አፈሩና ድርቁም ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። መርዙ ዝቅ ያለ ነው ተብሎ የተሰጠው ዘር ክፉ ቀን ሲመጣ ከፍ ሊል ይችላል፤ ክፉው ቀን ደግሞ ጓያ በብዛት የሚበላበት ነው። ኢንዛይሙን ካወቅን ግን ከሥሩ መያዝ እንችላለን። በአገራችን የዘር ባንክ በርካታ የጓያ ዘሮች ተቀምጠዋል። ከእነዚህ መካከል ተፈጥሮ ራሷ ያቺን ሂስቲዲን፣ ወይም የመተላለፊያውን ግድግዳ የለወጠችበት ዘር ይኖር ይሆን? የት ቦታ ላይ ማየት እንዳለብን አሁን እናውቃለን። ካልተገኘም ዘረ መልን የማረም ዘዴ አለ።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ተክሉ ኦዳፕን የሚሠራው እኛን ለመጉዳት ብሎ አይደለም። ለምን እንደሚጠቀምበት ገና እየተጠና ነው። ኦዳፕን ስናጠፋ ያንን ጽናቱን፣ ያንን የጥቁር አፈር ጀግንነቱን አብረን አጥፍተን ከሆነ ገበሬውን መጠጊያ ነው የምናሳጣው። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ዘር ውኃ በሚያቁር ማሳና በደረቅ ማሳ ተፈትኖ መታየት አለበት። ጓያን በሕግ ይከልከል የሚሉ አሉ፤ ሕንድ በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሌላ የሚበላ የሌለውን ሰው ያለውን አትብላ ማለት ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው? መርዙን ከእህሉ ማውጣት እንጂ እህሉን ከደሃው መሶብ ማውጣት መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

አሁን ፊቴን ወደ ተማሪዎች ላዙር። ይህን ሥራ ማን ይሥራው? ዋይዝማን ይሥራው ብለን እንቀመጥ? እነሱ የድርሻቸውን አድርገዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ማሳው ግን እኛ ዘንድ ነው፣ ዘሩ እኛ ዘንድ ነው፣ የተጎዳውም ሰው የእኛ ወንድም ነው።

መሣሪያ የለንም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትልቁ የጨረር ማመንጫ፣ ሲንክሮትሮን የሚባለው፣ በአፍሪካ ምድር አንድም የለም። ይህ ሊያንገበግበን ይገባል። ቅርባችን ያለው በ2017 ዮርዳኖስ ውስጥ የተከፈተው ሴሳሚ ነው፤ የተለያዩ መንግሥታት በጋራ ያቆሙት። ነገር ግን ክሪስታል እዚህ አድጎ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ታሽጎ ወደ ውጭ ሊላክ ይችላል፤ ተመራማሪው ከቢሮው ሳይነሣ በኢንተርኔት መሣሪያውን እያዘዘ መረጃውን ይሰበስባል። ይህ ዛሬ የተለመደ አሠራር ነው።

ከዚያም በላይ ልንገራችሁ። በ1971 የዓለም የፕሮቲን መረጃ ባንክ ሲቋቋም በውስጡ የነበሩት ቅርጾች 7 ነበሩ። ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ናቸው፤ ሁሉም በነፃ። የዩሪኤዙ ክዳን አለ፣ ፐሩትዝ ዕድሜውን የሰጠበት ሄሞግሎቢን አለ፣ ሆጅኪን 34 ዓመት የጠበቀችው ኢንሱሊን አለ። በ2020 ደግሞ አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከቅደም ተከተሉ ተነሥቶ ቅርጽን በሚያስደንቅ ጥራት መገመት እንደሚችል አሳየ፤ በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ግምቶች ለሁሉም ክፍት ሆነዋል። ሠሪዎቹ ዴሚስ ሃሳቢስ እና ጆን ጃምፐር፣ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ከሚነድፈው ዴቪድ ቤከር ጋር በ2024 ኖቤል ተሸልመዋል። «እንግዲህ ክሪስታሉ ቀረ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አልቀረም። እነዚያ ሚሊዮኖች የሰንሰለቱን ቅርጽ እንጂ በውስጡ የተቀመጡትን የኒኬል አተሞች አያሳዩአችሁም፤ ኢንዛይሙ ሲሠራ እንዴት እንደሚንቀሳቀስም አይነግሯችሁም። ግምቱን ይዛችሁ ወደ ሙከራው ትሄዳላችሁ።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። ዛሬ ማታ በስልካችሁም ቢሆን የመረጃ ባንኩን ክፈቱ። አንድ ኢንዛይም ምረጡ፤ አዙሩት፣ የሚሠራበትን ስፍራ ፈልጉ፣ የከበቡትን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ጻፉ። መምህራን፣ እናንተም ይህን የቤት ሥራ አድርጋችሁ ስጧቸው፤ ፕሮቲንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በክብ ምልክት ብቻ ማስተማር ይብቃን። ከመካከላችሁ የጓያውን ኢንዛይም የሚመርጥ ካለ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ ወደ እኔ ይምጣ፤ ከባልደረቦቼ ጋር ከዘር ባንክ የሚመጡ ናሙናዎችን ዘረ መል የምናነብበት ሥራ ጀምረናል፤ የሚሠራ እጅ ያስፈልገናል፤ ማይክሮስኮፕ ነክቶ የማያውቅም ቢሆን እናስተምረዋለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢው ለጥያቄ ጊዜ እንዳለን ነግረውኛል፤ ከኋላ ከተቀመጡት ተማሪዎች እንጀምር።